ክሪኩ የሚገባበት ቦታ

ባሌ አብዱራሺድ ግትር ነው። ይሄን የማንያታ ሰፈር ሙሉ ያውቃል። እኔ ነጂባ ደግሞ ምላሴን መሰብሰብ አልችልም፤ ይሄንንም ያውቃሉ። ስለዚህ ፒካፗ እጁን ከበላችበት ጊዜ ጀምሮ ቤታችን ሰላም የለውም።

ወተት የምናመጣበት የኦቦ ገጠር መንገድ ድንጋይ ከሥር እየፈነከታት ሲያስቸግረው ጊዜ ሆዷን በላሜራ አስበየደ። እዚህ አገር ያላስበየደ የለም። የበየደለት ፉንዲ፣ መካኒኩ ጅሎ፣ "አብዱራሺድ፣ ስማኝ። ይሄ ድንጋይ ይከላከላል እንጂ መኪና አይሸከምም። ክሪክ እዚህ ላይ እንዳታስገባ፤ ከላሜራው አልፈህ ሻንሲው ላይ ብቻ" ብሎታል። ሻይ ይዤ ቆሜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

"ቦታውን አውቃለሁ" አለ የኔ ጌታ።

ከዚያ ኦቦ ለዘመድ ሰርግ ተጠራ። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ነበር። ነጭ ካንዙውን፣ ያን ረጅም የክት ቀሚሱን፣ አጥቤ፣ ተኩሼ አለበስኩት። "ጭቃ ነክቶት ባይ ወዮልህ! እዚህ ቤት እንዳትገባ!" ብዬ ሸኘሁት፣ ያው እንደ ልማዴ።

መንገድ ላይ ጎማ ተነፈሰበት። ክሪኩን የት አስገባ? ላሜራው ላይ! ላሜራው ታጠፈ፣ ክሪኩ ተንሸራተተ፣ መኪናዋ ቀኝ እጁ ላይ ወረደች። ወተት ይዘው የሚያልፉ ሴቶች ናቸው ጄሪካናቸውን ጥለው፣ ተረባርበው ያነሱለት። ሐኪሞቹ ከአውራ ጣቱ በቀር አላተረፉለትም።

ስንቱን ተናገርኩት! ጎረቤት ፊት፣ እናቱ ፊት፣ "ቦታውን አውቃለሁ ባይ! ጆሮ ያልፈጠረበት!" እያልኩ። አንድም ቀን አልመለሰልኝም። ዝም ሲለኝ ደግሞ ንዴቴ ይብሳል።

አሁን ልጃችን ሻምሳ መንጃ ፈቃድ አውጥታለች። ነገ ወተት ልታመጣ ለብቻዋ ኦቦ ትወርዳለች። በዚያ መንገድ ጎማ መተንፈሱ አይቀርም፤ እሷም እንደ አባቷ ብትሳሳትስ? እጇን ብታጣስ? "ጅሎን ልጥራው፣ እሱ ያሳያት" አልኩ።

አብዱራሺድ ከተቀመጠበት ተነሳ። "እኔ አሳያታለሁ።"

"አንተ? ወይ ጉድ! ምን አውቀህ ነው የምታሳያት?"

ዞር ብሎም አላየኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ መኪናዋ ሥር ጎንበስ ብሎ አያውቅም ነበር። አሁን ግን ግቢው ውስጥ በጀርባው ተኛና ወደ ሥሯ ገባ። እኔም ተናድጄ ወደ ቤት ገባሁ፤ ግን ከበሩ አልራቅኩም።

"ነይ፣ አንቺም ተኚ" አላት።

ሻምሳ አዲሱን ዲራ ቀሚሷን ሰብስባ ቁጢጥ አለች።

"ቁጢጥ ብለሽ የሚታይሽ ላሜራው ብቻ ነው። ተኚ፣ እናቴ።"

ተኛች።

"መጀመሪያ ሌሎቹን ጎማዎች በድንጋይ ታኮ ታደርጊያለሽ፣ እንዳትንሸራተት። አሁን እጅሽን አምጪ።" በግራ እጁ እጇን ያዘና ሳያመነታ ወሰደው። "ከላሜራው እለፊ። ይሄ ወፍራሙ ብረት፣ ከኋላ ጎማው ፊት ያለው፣ ሻንሲው ነው። ዳስሺው። ክሪኩ እዚህ ነው የሚገባው። ከተነሳች በኋላ ትርፍ ጎማውን ከሻንሲው ሥር አጋድመሽ አስገቢ፤ ክሪኩ ቢከዳሽ እሱ ላይ ታርፋለች። እጅሽ ግን ሥሯ እንዳይገባ። አደራ!"

"አባ፣ ታውቀው ነበራ!" አለች ሻምሳ። "ታዲያ ያን ቀን ለምን እዚህ አላስገባኸውም?"

በአውራ ጣቱ ብረቱ ላይ የደረቀውን ጭቃ ፋቀ።

"ነጭ ለብሼ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "እዚህ ለመድረስ ጭቃው ላይ መተኛት ነበረብኝ። እናትሽ እንዳትሰማ።"

በሩን ተደግፌ ቆምኩ። ስንት ወር ሙሉ ስሰድበው ይችን አንዲት ቃል ቢመልስልኝ ያሳፍረኝ ነበር። እሱ ግን ስድቡን መረጠ። ምነው ያን ቀን ጠዋት ምላሴ በተቆረጠ!

ሻምሳ ከሥር ወጣች። የዲራዋ ጀርባ አፈር በአፈር ሆኗል። በሩ ላይ ስታየኝ ደነገጠችና ልታራግፈው እጇን ወደ ኋላ ላከች።

"ተይው" አልኳት። "ይቆሽሽ፣ የኔ ልጅ። ተመልሰሽ ተኚና አንዴ ደግመሽ ዳስሺው።"