የቀለለው ሸክም

እስቲ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉና አረፍ ብላችሁ ስሙኝ። ነገሩ የሱሉልታዋ የአያንቱ ነው፤ በጃንሆይ ዘመን የሆነ።

አያንቱ ባሏ የሞተባት እንጨት ሻጭ ነበረች። አንዲት ልጇን ደራርቱን ሽሮ ሜዳ፣ ወንዳፍራሽ የሚባል ነጋዴ ቤት አስቀጥራለች። ሰውዬው ውሎ አድሮ ሰዎቹን ልኮ በእንጨቷ መሃል ሐሺሽ ያስሸጉጥባት ጀመር። እምቢ ካልሽ ልጅሽን ዳግም አታያትም ብሏታል።

አንድ ጠዋት እንጦጦ ላይ ሸክሟን አሳርፋ ሳለ ፖሊሱ አሥር አለቃ ጥሩሰው ደረሰባት። ባለ ሸክም አይቶ ሳያሸክሙ ማለፍ ነውር ነውና፣ ላግዝሽ አላት። እምቢ ብትል ያስጠረጥራታል። ጎንበስ ብሎ ብድግ ቢያደርገው ወደ ኋላ ሊወድቅ ሆነ። የባሕር ዛፍ እንጨት መቼ እንዲህ ይቀላል? እጁን ወደ መሃል ሰደደ። የተሸጎጠውን ሐሺሽ ዳሰሰ።

ጥሩሰው ከዚያ በፊት እንዲህ የተሸከሙ ሁለት ሴቶች ይዞ ነበር። ሴቶቹ ወህኒ ወረዱ፤ ስለ ሐሺሹ ባለቤት ግን ትንፍሽ አላሉም፤ እሱም በሰላም ይነግዳል። ይህችንም ሊያስር ሲል እግሩ ላይ ወደቀችና ሐሺሹ የወንዳፍራሽ ነው፣ ልጄ እጁ ላይ ናት አለችው። ፖሊስ በሩን ካንኳኳ በጓሮ ያሸሿታል፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያገኛታል?

 ጥሩሰው እንጨቱን መልሶ አሸከማት።

«ልጅሽ ታውርድልሽ» አላት። «ተደብቄ እከተልሻለሁ፤ እሷ ወደ ደጅ ሳትወጣ ግን አልነቃነቅም።»

ቁልቁለቱን ስትወርድ አንዴም አልዞረች፤ ይከተላት እንደሆን የምታውቀው የለም። በሩ ላይ ስትደርስ የወጣው ራሱ ወንዳፍራሽ ሆነ። እጁን ወደ ገመዱ ዘረጋ።

«ልጄ ታውርድልኝ፣ ጌታዬ።»

«ለዚች ጭራሮ ደግሞ አውራጅ ልጥራልሽ?» ብሎ ሳቀ።

አያንቱ ዙሪያዋን ቃኘች። ጎረቤት እያየ ነው።

«የእርስዎን ያህል ሰው እንጨት ሲያወርድ ቢያዩ ምን ይላሉ?»

ሳቁ ጠፋ። ግራ ቀኝ አየና ወደ ውስጥ ተጣራ። ደራርቱ እጇ ሊጥ እንደያዘ ወጣች፤ «ሃርሜ» ብላ ወደ እናቷ ቀረበች። አያንቱ ሸክሙን ደጃፉ ላይ ጣለችና ልጇን በሁለት እጇ ጨመደደች።

«በሕግ አምላክ! የዚህ ሸክም ባለቤት ይኸውላችሁ!» ብላ ጮኸች።

ወንዳፍራሽ ወደ ጓሮ ሊሮጥ ሲል ጥሩሰው ከአጥሩ ጥግ ወጥቶ ክንዱን ያዘው።

ወህኒ ያሉት ሴቶች ወዲያው አልተፈቱም፤ ብዙ ምልልስ ጠየቀ። አያንቱ ግን ችሎት ቆማ መሰከረችላቸው።

እናንተም ልጆቼ፣ ሸክም ያጎበጠው ሰው ስታዩ ከመፍረዳችሁ በፊት ሸክሙ የማን እንደሆነ ጠይቁ። ይህችን አደራ፣ እንዳትረሱብኝ።