ጀርባ ቀራጩ መልሰው

ይሄ ታሪክ ውሸት ከሆነ ከሰቆጣ እስከ ወልድያ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኜ ልሂድ። ሁሉም እውነት ነው።

መልሰው የሚባል ፊልም ሠሪ አለ። ካሜራው የራሱ፣ ወጪው የራሱ፣ አዛዥ የለበትም። ፊልሞቹ ሁሉ አገሩን ጥሎ ስለሚሄድ ሰው ናቸው። የሰው ድምፅ አይሰማባቸውም። መጨረሻቸውም አንድ ነው፦ ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል፤ ካሜራው ዝንብ እስኪያህል ያየዋል።

ክፋቱ፣ በመጀመሪያው ፊልም ጀርባውን የሰጠው ቅጣው ሳዑዲ ብሎ እንደወጣ ድምፁ ጠፋ። በሁለተኛው የሄደው ይሄይስ ወር ሳይሞላው ተቀበረ። አሁን ተረኛው ባጃጅ ነጂው ፈንታሁን ነው። ነፍሰ ጡር ሚስቱ የትናየት ጠዋት፣ «ካሜራው ጀርባህን ካየው ልጅህን አታይም» ብላው ነበር።

ከአምደወርቅ መንገድ በላይ፣ ገደሉን ይዛ በምትታጠፍ የእግር መንገድ ላይ ፈንታሁንና መልሰው ቆሙ።

«መልሴ፣ ፊቴን ብትቀርጸኝስ?»

«ፊትህን ከተማው በየቀኑ ያየዋል። ምን ያንቀጠቅጥሃል?»

«ነፋሱ ነው።»

«በል ሂድ። ካሜራው ከተነሣ እኔ አልናገርም።»

ፈንታሁን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ለመቅደሱ ጀርባውን ሰጥቶ አያውቅም፤ ፊቱን ወደ መቅደሱ አድርጎ ነው ወደ ኋላው የሚወጣው። እንደዚያው ፊቱን ለካሜራው እንደሰጠ ወደ ኋላው መራመድ ጀመረ። ጀርባዬን ካላየ አይወስደኝም አለ በልቡ።

መንገዷ ስትታጠፍ እሱ አልታጠፈም። ከተረከዙ ስር ጠጠር ሾልኮ ወደቀ፤ ድምፁ የተሰማው ቆይቶ ነው። ዞሮ እንዳያይ ጀርባው ሊቀረጽ ነው። የመልሰው ፊት አመድ ሲመስል አየ።

«ከኋላዬ ምን አለ?»

መልሰው ከንፈሩን ነከሰ። ፈንታሁን አንድ እርምጃ ጨመረ። ተረከዙ አየር ረገጠ።

«ቁም አንተ! ገደል ነው!»

ፈንታሁን በግንባሩ ተደፋ፤ ሣር እየጨበጠ በደረቱ ተሳበ፤ ዓይኑን ከካሜራው ሳይነቅል። መልሰው ካሜራውን ጥሎ እጁን ያዘው። ሁለቱም መሬት ላይ ቀሩ።

«ፊልምህን አበላሸሁብህ» አለ ፈንታሁን።

«ዝም በል» አለው መልሰው፤ እጁን ግን አልለቀቀም።

መልሰው ፊልሙን ያን የራሱን ጩኸት ሳይቆርጥ ለከተማው አሳየው። የትናየት ሕፃኗን ታቅፋ ከባሏ ጎን አየችው፤ ልቧ ግን እስኪያልቅ አልተመለሰም።

አንዲት ነገር ብቻ ከኪሴ ጨምሬያለሁ፦ ያን ቀን ነፋስ የሚባል አልነበረም። ፈንታሁን እንዳያፍር ብዬ ነው።