በፍላሽ የተነሣ ፎቶ አንቀበልም

ድዌይን ጉልበቱን መነቅነቅ የጀመረው የጎማ ፋብሪካው በተዘጋ ማግስት ነው። ቁርስ ላይ ይነቀንቃል፣ ቤተ ክርስቲያን ይነቀንቃል፣ እንቅልፍ ወስዶትም ይነቀንቃል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎማ ሲያገላብጥ የኖረ ሰው አርፈህ ተቀመጥ ቢሉት ከየት አባቱ ያምጣው። እኔ ቬርና ደግሞ፣ የሚያውቁኝ ይመስክሩ፣ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። «ወይ እግርህን ያዝ፣ ወይ ውጣልኝ» እለዋለሁ፤ ባሌ ነውና ይችለኛል። ይወጣል። ያጨደውን ሣር እንደገና አጭዶ ይመለሳል። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል የተባለው ለሱ ሳይሆን አይቀርም።

በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ሁለት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው በጋ፣ አክረን ከተማ ውስጥ ያልተቁነጠነጠ ወንድ አልነበረም። የጎማው ሽታ ከከተማው ጠፍቶ ነበር። ልጆች ሆነን አፍንጫችንን ይዘን ስንረግመው ያደግን ሽታ ነው፤ ሲጠፋ ግን ሰዉ ጠዋት ጠዋት መስኮት እየከፈተ ያሸትት ጀመር። ከእኛ መንገድ ብቻ ሦስት ቤተሰብ ጓዙን ጭኖ ቴክሳስ ወርዷል። የድዌይን የአክስት ልጅ ሜርልም ሂዩስተን ገብቶ የነዳጅ ቧንቧ ሥራ ይዟል። እሑድ እሑድ ከሰዓት ይደውላል።

«ና እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ? እዚህ ሥራው ነው ሰው ያጣው። አጠገቤ የሚከራይ ቤትም አለ» ይለዋል። ድዌይን ስልኩን ዘግቶ እኔን ያያል። እኔ ድስቴን አያለሁ።

አልሄድም፣ ሌላ ምን ይባላል። እህቴ ጆይስ ከመንገዱ ማዶ ናት። ቤቱን አባቴ ነው በእጁ የሠራው፤ የበረንዳውን ሚስማር አንድ በአንድ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ሂዩስተን ማንን አውቃለሁ? ሜርልን። ሜርል ደግሞ በስልክም በዝቶብኛል።

የቴሌቪዥን ጨዋታውን ማሽን ያመጣችው ጆይስ ናት። ልጆቿ አድገው ጥለውት ስለሄዱ «ለእግሩ መድኃኒት ይሆነዋል» ብላ ከነካርቶኑ አስረከበችን። ቴሌቪዥን ላይ ይሰካል፣ ካሴት ይጎርሳል፣ አንድ እጀታና አንድ ቀይ ቁልፍ አለው። ካሴቱ «የኮከብ ዘበኛ» ይባላል። ከታች ሚጢጢ መንኮራኩር አለች፣ ከላይ ጠላት ይወርዳል፣ ትተኩሳለህ። ነዳጅህ ሲያልቅ አንዲት ነጭ መርከብ በጎን ታልፋለች፤ እሷ ላይ ካልተለጠፍክ አለቀልህ። ለአፍታ ማቆሚያ የሚባል ነገር የለውም። ሽንት ቢይዝህም፣ ቤት ቢቃጠልም፣ እጀታውን የለቀቅክ ዕለት ሞተሃል።

ድዌይን ሙጭጭ አለበት። ጉልበቱ ግን አልቆመም፤ እንዲያውም ባሰበት።

የመመሪያው የመጨረሻ ገጽ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። መቶ ሺህ ነጥብ ያለፈ ሰው የቴሌቪዥኑን መስኮት ፎቶ አንሥቶ በፖስታ ቢልክ፣ ኩባንያው ልብስ ላይ የሚሰፋ ዓርማ ይልክለታል። ከሥሩ በደማቁ እንዲህ ይላል፦ በፍላሽ የተነሣ ፎቶ አንቀበልም። መስታወቱ ብርሃኑን መልሶ ይተፋውና ነጭ ነገር ብቻ ይወጣል ማለት ነው። ድዌይን ይህቺን መስመር ሦስት ጊዜ አንብቦልኛል።

ሰኔ ላይ፣ ሜርል ደውሎ በጨረሰ በአምስት ደቂቃው ተጣላን።

«ቁርጡን ንገሪኝ» አለኝ ድዌይን። «ዛሬ ነገ እያልሽ ልታሳብጂኝ ነው?»

«ቁርጡን ትፈልጋለህ? መቶ ሺህህን ያመጣህ ለት፣ ፎቶው ታጥቦ እጄ የገባ ለት፣ ያኔ ዕቃ አሽጋለሁ።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ያን ጊዜ ሠላሳ ሺህ እንኳ ደርሶ አያውቅም። ምላስ አጥንት የለውም፣ ለማሾፍ ብዬ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ሐምሌ ሲገባ ሃምሳ ሺህ ደረሰ። ከዚያ ሰባ። ከዚያ አንድ ማክሰኞ ሰማንያ አምስት። እኔ ከኋላው ቆሜ ልብስ አጥፋለሁ፤ ልቤ ግን ቁጥሩ ላይ ነው። ሲሞት ደስ ይለኛል፣ ደስ ስላለኝ ደግሞ ራሴን እታዘባለሁ። ሳላስበው ድምፁን ሸመደድኩት። ሁለት አጭር ጢጥ ካለ ከግራ ይመጣሉ፤ ረጅም ካለ ነጯ መርከብ ቀርባለች።

ነሐሴ ላይ ነው፣ እሑድ፣ አሥር ሰዓት ገደማ። የመጨረሻዋ መንኮራኩሩ ላይ ነው ያለው፣ ሌላ ትርፍ የለውም፣ ዘጠና አራት ሺህ ደርሷል። ስልኩ ጮኸ። ወጥ ቤት ሄጄ አነሣሁት።

«ቬርና፣ ቶሎ አገናኚኝ» አለ ሜርል። «አለቃዬ እዚሁ ጓሮዬ ሥጋ እየጠበሰ ነው። አንድ ቦታ ተከፍቷል፣ ሰውዬውን አሁን ላናግረው ይላል።»

መቀበያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ለድዌይን ነገርኩት። ላብ በላብ ሆኗል።

«ያዢልኝ» አለ።

«ምኑን?»

«እጀታውን ነዋ። ነዳጅ አሁን ሞልቻለሁ። እንዳትሞት ብቻ ጠብቂያት።» እጄ ላይ ጣለልኝና ወጥ ቤት ሮጠ።

እዚህ ጋ እውነቱን ልናገር። ምንም ማድረግ አይጠበቅብኝም ነበር። እጀታውን ምንጣፉ ላይ ባኖረው በሦስት ሰኮንድ ያልቃል፤ «አልቻልኩበትም» እላለሁ፣ ማንም አይፈርድብኝም፣ ቤቴም ቤቴ ሆኖ ይቀራል። አውራ ጣቴን ከቀዩ ቁልፍ ላይ አነሣሁ። ጠላቶቹ ወረዱ።

በዚያች ቅጽበት ድዌይን ወጥ ቤት ውስጥ ሲስቅ ሰማሁት። «ጌታዬ፣ ጎማ የተሸከመ ትከሻ ቧንቧ አያቅተውም» ይላል። ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ያንን ሳቅ አልሰማሁትም። የሞተ መስሎኝ ነበር።

ቁልፉን ተጫንኩት። ሁለት ጢጥ አለ፣ ወደ ግራ ዞርኩ። ረጅሙ ጮኸ፣ ነጯ መርከብ ላይ ተለጠፍኩ። እንዴት እንዳደረግሁት ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ ትንፋሼን ይዤ ነው የጨረስኩት። በመጨረሻ መንኮራኩሯ ስትፈነዳ ቁጥሩ ቆመ፦ መቶ ሺህ ከሦስት መቶ ሃያ።

ካሜራው ቴሌቪዥኑ ላይ ነው ያለው። አንድ ፎቶ ብቻ ቀርቶታል፤ ሌላውን በጆይስ ልጅ ሠርግ ጨርሰነዋል። ድዌይን ጀርባውን ሰጥቶ አሁንም ያወራል። ካሜራውን አነሣሁ። ቁጥሩን አየሁ፣ ቀጥሎ በመስኮት በረንዳውን አየሁ። ጣቴ ፍላሹን አበራ። ረስቼ ነው አልልም፤ አውቄ ነው። ክፍሉ ቦግ አለና ጠፋ።

ድዌይን መጥቶ ቁጥሩ ፊት ቆመ።

«አንቺ ነሽ?»

«ዘጠና አራቱ ያንተ፣ ስድስቱ የኔ።»

«ፎቶስ?»

«አንሥቼዋለሁ።»

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ማሽኑን አጠፋው። «ለሜርል አንድ ሳምንት ስጡኝ ብዬዋለሁ፤ ፎቶው ሲመጣ እሑድ መልስ እሰጣለሁ» አለኝ።

ፊልሙ መድኃኒት ቤቱ ጋ ታጥቦ ቅዳሜ መጣ። ፖስታውን የከፈተው እሱ ነው። የሙሽራዋን አሳለፈ፣ የኬኩን አሳለፈ፣ የመጨረሻዋ ላይ ቆመ። መስታወቱ ላይ እንደ ፀሐይ ያለ ነጭ፣ ዳርዳሩን የቴሌቪዥኑ እንጨት። ሌላ የለም።

«ፍላሹ በርቶ ነበር» አለ።

«ረስቼው ነው።»

«ይሁን። ውላችን ከነፎቶው ነው፤ ፎቶ የለም።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ እኮ መልስ ነበረኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሳዘጋጀው የከረምኩት መልስ ነበረኝ። ማሽኑን ካርቶኑ ውስጥ ከትቶ ለጆይስ መለሰላትና በረንዳው ላይ ተቀመጠ። እራት አቀረብኩ። ሹካዬን እንዳነሣሁ አንድ ነገር ጎደለኝ። የጠረጴዛው ዕቃ አይንቀጠቀጥም። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጉልበቱ ቆሟል።

ዓመት ሙሉ አቁምልኝ ስል የኖርኩት ጉልበት ነው። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያንም ቆሞ ነበር። ሰባኪው ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ የድዌይንን ሱሪ ሳይ ነው ያረፈድኩት። ሰውየው አጠገቤ ተቀምጧል፣ ግን የለም። ፈራሁ፤ ቤቱን ከማጣት ይልቅ ያን ፈራሁ።

ከሰዓት፣ የሜርል ሰዓት ሲቃረብ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

«ፍላሹን አውቄ ነው ያበራሁት።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን ታውቃለህ?»

«ብርሃኑ ማቀዝቀዣው በር ላይ ቦግ ሲል አይቼዋለሁ። ስልኩን ገና አልዘጋሁትም ነበር።»

ወንበር ሳብኩ። «ታዲያ ማሽኑን ምን ሆነህ አጠፋኸው? ቁጥሩ እንዳለ ትተኸው ሮጠህ ፊልም አትገዛም ነበር?»

«አንቺስ መንኮራኩሯን ለምን አልገደልሻትም? ዘጠና አራት ላይ ነው የሰጠሁሽ» አለኝ።

ይሄ ሰው እንዳናደደኝ በሕይወቴ ማንም አናዶኝ አያውቅም። ሳምንቱን ሙሉ አውቆ ዝም። ሊተውልኝ ነው፣ ለኔ ብሎ እዚያ በረንዳ ላይ ሊደርቅልኝ ነው። ስልኩ ሲጮኽ እሱ አልተነሣም፤ እኔ ነኝ ዘልዬ የያዝኩት።

«እህ፣ ለሰውየው ምን ልበለው?» አለ ሜርል።

«ቆይ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አልኩት። «ያ የሚከራይ ያልከው ቤት የልብስ ማጠቢያ ማሽን መግጠሚያ ቦታ አለው?»

ሜርል ሊያጣራ ሄደ። መቀበያውን ጆሮዬ ላይ ይዤ፣ ከኋላዬ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሲኒዎች መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ ሰማሁ። ዞሬ አላየሁትም። አቁም ብዬም አልተናገርኩ።