ከሁለተኛው አዝማች በኋላ

ይድነቃቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው ከሁሉም ቀድሞ ነው። ድሮም ቀድሞ ይመጣ ነበር፤ ድሮ ግን የሚጠብቃቸው ሰዎች ነበሩት። አሁን ሶዶ ከተማ፣ ወደ ኦቶና ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ ዳር ያለውን የቆርቆሮ በር ራሱ ይከፍታል፣ ኪቦርዱን ራሱ ይሰካል፣ ማይኩንም "አንድ፣ ሁለት" እያለ ራሱ ይሞክራል። ከኋላ ሆኖ "ይሰማል" የሚለው የለም።

ባንዱ አራት ሰው ነበር። እሱ ኪቦርድ፣ ፋኑኤል ቤዝ ጊታር፣ ቢኒ ድራም ይጫወቱ፣ ሳምራ ደግሞ ትዘምር ነበር። አንድ ሰፈር ያደጉ፣ በአንድ ሳህን የበሉ ልጆች ናቸው። መጀመሪያ ፋኑኤል ደቡብ አፍሪካ ገባ። ቀጥሎ ቢኒ ሐዋሳ ሥራ አገኘ። ሳምራ አልሄደችም፤ ግን አግብታ ልጅ ስለታቀፈች እሁድ ጠዋት መጥታ ዘምራ ትመለሳለች እንጂ ለልምምድ ጊዜ የላትም። ባንዱ እንዲህ እንዲህ እያለ እንደ በጋ ምንጭ ጎደለ። ማንም አልተጣላም፤ ማንም አጥፊ አልነበረም።

ክፍተቱን የሞላው አዲሱ ኪቦርድ ነው። ድራሙንም ቤዙንም ራሱ የሚጫወትበት "ስታይል" የሚባል ነገር አለው። አንዷን ቁልፍ ሲጫኗት ድራሙ ይነሳል፤ በግራ እጅ ኮርድ ሲይዙ ቤዙ ይከተላል። ምዕመናኑ ወደዱት። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ጩማ የይድነቃቸውን ትከሻ መታ መታ አድርገው፣ "አንተ ልጅ፣ ብቻህን ባንድ ሆንክ እኮ" አሉት። ማመስገናቸው ነበር፤ እሱም አመሰገነ። "ብቻህን" የምትለዋ ቃል ግን እቤቱ ድረስ ተከተለችው።

እውነተኛው ድራም በአሮጌ መጋረጃ ተሸፍኖ መድረኩ ጥግ ቀረ። ነሐሴ ላይ ጋሽ ጩማ ይድነቃቸውን አስጠሩት።

"ጉኑኖ አጥቢያ ያሉት ወጣቶቻችን ድራም ለምነውናል" አሉት። "እዚህ የሚመታው የለም። ሰው እየተራበ ጎተራ አይዘጋም። አንተ ምን ትላለህ?"

የከፋው፣ የሚሉት ነገር ልክ መሆኑ ነው። ይድነቃቸው የጉኑኖን ልጆች ያውቃቸዋል፤ ጄሪካን እየመቱ ነው የሚዘምሩት።

"ጋሼ፣ ቢኒ ለጊፋታ ይመጣል" አለ በመጨረሻ። "እዚሁ ቅርብ፣ ሻንቶ፣ ሥራ አመልክቷል። ከተሳካለት ጠቅልሎ መምጣቱ ነው።"

"እንግዲያው ይምጣ። በጊፋታ እሁድ መጥቶ ከመታ፣ እመለሳለሁም ካለ፣ ድራሙ እዚሁ ይቆያል። ካልሆነ ግን ከበዓሉ በኋላ እንጭነዋለን።"

ይድነቃቸው ከግቢው ሳይወጣ ለቢኒ ደወለ።

"ድራሙ አለ እንዴ እስከ ዛሬ?" አለ ቢኒ እየሳቀ። "አይጥ አልጨረሰውም?"

"መጋረጃ አልብሼዋለሁ።"

"እንደ ሙሽራ በለኛ። እመጣለሁ፣ ይዴ። ቦታዬን ለማንም እንዳትሰጥ።"

መስከረም አጋመሰ። ለጊፋታ፣ ለወላይታ አዲስ ዓመት፣ የሄደው ሁሉ ይመለሳል፤ ሶዶ በሻንጣ ተሞላች፣ በየሰፈሩ በሬ ተጣለ፣ በየቤቱ ዳጣ ተፈጨ። ቢኒ ቅዳሜ ቀን ከመናኸሪያ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን መጣ። ትንሽ ወፍሯል።

"ሳሮ፣ ይዴ" ብሎ በወላይትኛ ሰላም አለውና በትከሻው ገጨው። "ከሳህ። ማሽኑ ምሳ አያበላህም?"

"አንተ የሁለታችንን በላህዋ።"

ሳምራም ልጇን አዝላ ደረሰች። ቢኒ መጋረጃውን ገፈፈ፣ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ፣ ስቲኮቹን አነሳ። የጀመሩት የፋኑኤልን መዝሙር ነው፤ ፋኑኤል ከመሄዱ በፊት ለጊፋታ በወላይትኛ የደረሰላቸውን የምስጋና መዝሙር። ባንዱ ከተበተነ ወዲህ ይድነቃቸው አልነካውም ነበር። ለዚህ ቀን አስቀምጦታል።

ከሁለተኛው አዝማች በኋላ ቢኒ እንደ ልማዱ ሮጠ። ደስ ሲለው ይፈጥናል። ድሮ ፋኑኤል "ያዘው፣ ያዘው" እያለ ይከተለው፣ ሳምራ ትንፋሽ ያጥራት፣ የይድነቃቸው ጣቶች ይደናቀፉ ነበር። ሁሉም ግን አብረውት ይሮጡ ነበር። ያ መዝሙር በጀመረበት ፍጥነት ያለቀበት ቀን የለም።

"ቢኒ፣ የሻንቶ ሚኒባስ አያመልጥህም" አለች ሳምራ። የድሮ ቀልዳቸው ነው። ሦስቱም ሳቁ፤ ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃንም ነቃ።

ይድነቃቸው እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ብቻውን ሆኖ የሠራውን ለአንድ ሰው ማሳየት ከናፈቀው ቆይቷል።

"አንድ ነገር ላሰማህ" አለና ስታይሉን ከፈተ። "ያንተን የድራም አመታት ነው ያስገባሁበት። ብዙ ለፋሁበት። ስትናፍቀኝ ነው የሠራሁት።"

ቢኒ አንገቱን አዘንብሎ ሰማ። "ይሄ እኔ ነኝ?"

"አንተ ነህ።"

"እስቲ አብሬው ልምታ።"

አብሮት መታ። እስከ ሁለተኛው አዝማች ድረስ የአንድ ሰው እጅ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ቢኒ ወደፊት ሄደ፤ ማሽኑ ባለበት ቀረ። እንደገና ሞከሩ፤ እዚያው ቦታ ተለያዩ። ደግመው ጀመሩ፤ ቢኒ መሐል ላይ አቆመና ስቲኮቹን ጭኑ ላይ አሳረፈ።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነበርኩ?"

"ትንሽ" አለች ሳምራ።

"ትንሽማ አይደለም። ለምን አልነገራችሁኝም?"

"የሚኒባሱን ነገር ስንት ጊዜ ነገርንህ?"

"ቀልድ መስሎኝ ነበር እኮ" አለ ቢኒ። ከዚያ በስቲኩ ወደ ኪቦርዱ ጠቆመ። "ጎበዝ ልጅ ነው። አይሮጥም፣ አያረፍድም፣ ሐዋሳም አይሄድም።" ሳቀ። ሲወጣ ግን ድራሙን መጋረጃ ያለበሰው እሱ ራሱ ነበር።

እሁድ ጠዋት ይድነቃቸው መጋረጃውን አንስቶ ስቲኮቹን በወንበሩ ላይ አስቀመጠ። ቢኒ ከእናቱ ከእማማ ፈጠነች ጋር ገብቶ ከኋላ ተቀመጠ። ይድነቃቸው በዓይኑ ወደ ድራሙ ጠቆመው። ቢኒ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ጩማ ሁለቱንም አዩ።

ሳምራ የፋኑኤልን መዝሙር ጀመረች። ይድነቃቸው ስታይሉን ከመክፈት በቀር ምርጫ አልነበረውም። ማሽኑ እንደ ሰዓት ሄደ። ሁለተኛው አዝማች አለቀ፤ አዳራሹም ሮጠ። ጭብጨባው ፈጠነ፣ ሳምራም ፈጠነች፣ ማሽኑ እንደ ደከመ በሬ ከኋላ ቀረ። ሰዎቹ መዝሙሩን የተማሩት ከቢኒ ነበር፤ ሩጫው የመዝሙሩ አካል መስሏቸዋል። ይድነቃቸው የማሽኑን ድምፅ ከፍ ሊያደርግ ጣቱን ዘረጋ፤ ከዚያ ሐሳቡን ቀይሮ ስታይሉን አጠፋው።

ድራሙም ቤዙም ጠፉ። የሰው ድምፅና የሰው እጅ ብቻ ቀረ። በሁለት እጁ ተከተላቸው፤ ጣቶቹ ድሮ በሚደናቀፉበት ቦታ ተደናቀፉ። ቀና ሲል እማማ ፈጠነች ዓይናቸውን ጨፍነው ያጨበጭባሉ። ቢኒ ማጨብጨቡን ትቶ የእናቱን እጆች ያያል።

አምልኮው ካለቀ በኋላ ቢኒ ወደ መድረኩ መጣ።

"ሰማህ?" አለው ይድነቃቸው።

"ሰማሁ። እማዬ እንኳ ትሮጣለች።"

"ያስተማርካቸው አንተ ነህ።"

ቢኒ አንዱን ስቲክ አንስቶ በጣቶቹ መሐል አሽከረከረው። ይድነቃቸው አንዲት ቃል ነበር የሚጠብቀው፤ እመለሳለሁ የምትል።

"የሻንቶው ሥራ ለሌላ ሰው ተሰጠ፣ ይዴ" አለ ቢኒ። "ሐዋሳ እያለሁ ነው የሰማሁት። ትናንት ልነግርህ ነበር፤ ማሽኑን ስታሰማኝ ግን ደስ ብሎህ ነበር።"

ስቲኩን ቦታው መለሰና እናቱን ደግፎ ወጣ።

ከበዓሉ በኋላ የጉኑኖ ልጆች በአይሱዙ መጡ። ጮክ ብለው እየተጨቃጨቁ፣ እየተገፋፉ ድራሙን ጫኑት። እስራኤል የሚባለው ድራመራቸው ወደ ይድነቃቸው ዞሮ፣ "ወንድሜ፣ የምትነግረን ነገር አለ?" አለው።

"ፔዳሉ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ዘይት ጠብ አድርጉበት" አለ።

በቀጣዩ እሁድ ከሁሉም ቀድሞ መጣ። በሩን ከፈተ፣ ኪቦርዱን ሰካ፣ ማይኩን ሞከረ። የፋኑኤል መዝሙር ሲደርስ፣ ከሁለተኛው አዝማች በኋላ ስታይሉን አጥፍቶ ምዕመናኑን ተከተለ። ሲያበቁ፣ ትንፋሽ እያጠረው፣ እንደ ድሮ ልማዱ ወደ ጥግ ዞሮ ፈገግ አለ።

ጥጉ ላይ የድራሙ እግሮች ምንጣፉን ያጎደጎዱበት ምልክት ነበር።