መስኮቱ ሲከፈት፣ መስኮቱ ሲዘጋ

የሰፈሩ ሰው ጋሽ ጆሮ ይለዋል። ራዲዮ ጠጋኝ ነው። የታመመ ራዲዮ ሲያመጡለት ካቻቢቴውን ከማንሳቱ በፊት ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጥና በሽታውን ይናገራል፤ ብዙ ጊዜም አይስትም። ሚስቱ ግን ከተወለደች ጀምሮ አንድም ድምፅ ሰምታ አታውቅም። «ፈጣሪ የሁለቱን ጆሮ ደርቦ ለአንዱ ሰጠው» እያሉ ሲቀልዱባቸው ሠላሳ ዓመት አለፈ፤ እሱም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቀልዱን አዲስ እንደሰማ ሰው ሲስቅላቸው ኖረ።

ሚስቱ አንዲት ታላቅ እህት አለቻት። እሷም አትሰማም። ሁለቱ በልጅነታቸው የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጡም፣ ማንበብም መጻፍም አያውቁም። ማንም የእጅ ቋንቋ የሚያስተምራቸው ስላልነበረ ራሳቸው ፈጠሩት። አንዷ አንድ ነገር በእጇ ታሳያለች፣ ሌላዋ ትቀበላታለች፤ በዚያው ቃል ሆኖ ይቀራል። እንዲህ እንዲህ እያሉ ከሁለቱ በቀር ተናጋሪ የሌለው ሙሉ ቋንቋ አቆሙ። ታላቂቱ በቅንድቧ ላይ ጠባሳ ስላላት ስሟ ቅንድብን በጣት መዳሰስ ነው። የታናሿ ስም የምትወዛወዝ ትንሽ ጣት ናት። ጋሽ ጆሮ ደግሞ በሁለት ጣት አየር ላይ የሚጠመዘዝ የራዲዮ ቁልፍ ነው።

እሱ ከዚህ ቋንቋ የሚያውቀው ለጓዳ የሚበቃውን ብቻ ነው። ውሃ፣ ብላ፣ ና፣ በሩን ዝጋ፣ ዘይቱ አለቀ። ለትዳር ይበቃል ብሎ ነው የተወው። እህትማማቾቹ ሲገናኙ ግን እጃቸው ክንፍ ያወጣል፤ ሐሜት አለ፣ የልጅነት ወሬ አለ፣ እንባ የሚያስወጣ ሳቅ አለ። እሱ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ፣ እነሱ ሲስቁ አብሮ ይስቃል፤ በምን እንደሳቀ ግን አያውቅም።

ታላቂቱ የምትኖርበት ከተማ የሁለት ቀን መንገድ ነው። ስለዚህ ሴት ልጃቸው ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ አሮጌ ኮምፒውተር ገዝታ፣ አናቱ ላይ ትንሽ ካሜራ ሰክታበት፣ ጓዳ ጠረጴዛ ላይ ተከለችው። «አታጥፉት፣ ይተኛ። ሲያስፈልጋችሁ አንድ ቁልፍ ንኩት፣ ይነቃል» ብላ አሳየቻቸውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ እህትማማቾቹ በየሳምንቱ በስክሪን እየተያዩ ሲያወሩ ሁለት ዓመት ሞላቸው።

ታላቂቱ ሆስፒታል የገባችው በዚያ ሰሞን ነው። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነርሷ በጋሽ ጆሮ ስልክ ደወለች። ቀዶ ጥገናው ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ነው አለችው፤ ሐኪሙ ተስፋ አልሰጠም። ዛሬ ተሳፍረው እንኳ አይደርሱም። ነርሷ ራሷ ግን ነገ አራት ሰዓት ላይ የሃያ ደቂቃ እረፍት አላትና በራሷ ስልክ ታገናኛቸዋለች። ጋሽ ጆሮ መርቋት ዘጋው። የእሱ ስልክ ቁልፍ ያላት ትንሽ ስልክ ናት፣ ከመደወል ሌላ አታውቅም፤ ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በኮምፒውተሩ ላይ ወደቀ።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የፊተኛው ክፍል ውስጥ ሥራው ላይ አቀርቅሮ ሳለ ሚስቱ መጥታ እጅጌውን ሳበችው። ፀጉሯን አበጥራለች፣ ቀሚሷን ቀይራለች። ጉንጯን በመዳፏ ላይ አስተኝታ አሳየችው፣ ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። ተኝቷል፣ አልነሳ አለ ማለቷ ነው።

ገብቶ ማውሱን ወዘወዘ። የኪቦርዱን ቁልፎች አንድ በአንድ፣ በኋላም በመዳፉ ሙሉ ተጫናቸው። ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ቀረ። የስክሪኑን ማብሪያ ቢነካው ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ሰማያዊ ሆና በራች፤ ነቅቻለሁ ትላለች፣ ፊቱ ላይ ግን ምንም የለም። ከኮምፒውተሩ የሚያገናኘውን ገመድ ነቅሎ የጫፉን ጥርሶች በብሩሽ ጠርጎ መልሶ ሰካ። ሶኬቱንም ነቅሎ፣ በውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ይፍሰስ ብሎ ማብሪያውን እንደተጫነ እስከ ሠላሳ ቆጠረ። መጨረሻ ላይ ኮምፒውተሩን ራሱን አጥፍቶ አስነሳውና ልማዱ ነውና ጆሮውን አስጠጋ። ማራገቢያው ዞረ፤ ትንሽ ቆይቶም ሲነሳ የሚያሰማው የታወቀ ዜማ መጣ። ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው። ችግሩ የስክሪኑ ነው።

ደስ ብሎት አውራ ጣቱን ለሚስቱ አሳያት። እሷ ስክሪኑን አየች፣ ከዚያ አውራ ጣቱን አየች። የሰማውን እንዴት ይንገራት።

ሴት ልጁ ጋ ደወለ፤ ፋብሪካው ስልክ በር ላይ ተቀብሎ ነው የሚያስገባት፣ አልተነሳም። ጎረቤት አንኳኳ፤ ስልክ ያላቸው ሁሉ ሥራ ሄደዋል፣ ቤት ያገኛት ልብስ ሰፊዋም ስልኩን ባሏ ይዞት ወጥቷል። ስክሪን ለምኖ ለመዋስ መንገድ ዳር ወዳለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሮጠ። በሩ ላይ «መጣሁ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ መቼ እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ደጋግሞ አንኳኩቶ፣ ላብ በላብ ሆኖ ተመለሰ። ለአራት ሰዓት አምስት ጉዳይ ነበር።

ሚስቱ ወንበሯ ላይ ጥቁሩ ስክሪን ፊት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ምናልባት መስታወቱ ተሰንጥቆ እንደሆነ ልይ ብሎ የእጅ ባትሪውን አበራና ከጎን በኩል አስጠግቶ ያዘው። ያን ጊዜ ከጥቁሩ ውስጥ፣ በባትሪው ክብ ብርሃን ልክ፣ ደብዘዝ ያለ የጽሑፍ ጥላ ታየው። ባትሪውን ሲያንቀሳቅሰው ጥላው ቦታ ቀየረ። ስዕሉ አለ። የሞተው ከኋላው የሚያበራው መብራት ነው። ይህን ለመጠገን ስክሪኑን መፍታት፣ መብራቱን መለወጥ ያስፈልጋል፤ ቢያንስ የግማሽ ቀን ሥራ።

ኮምፒውተሩ ይጠራ ጀመር።

የመስኮቱን መዝጊያ ዘጋ። ክፍሉ ሲጨልም ጥላው ትንሽ ጎላ አለ። ባትሪውን በግራ፣ ማውሱን በቀኝ ይዞ ቀስቷን እየፈለገ፣ እያጣት፣ እንደገና እያገኛት፣ ሊቋረጥ ነው ሲል የመቀበያው ምልክት ላይ አደረሳትና ተጫነ።

«አባቴ፣ ይሰማዎታል?» አለ የነርሷ ድምፅ። «እኛ ጋ ጨለማ ነው የሚታየው።»

ነገሩ ያኔ ገባው። ሚስቱ እህቷን እንድታይ ክፍሉ መጨለም አለበት። እህቷ እሷን እንድታይ ደግሞ መብራት አለበት። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ማድረግ አይቻልም።

ለነርሷ እንደምንም አስረዳት። ለሚስቱ ማስረዳት ግን አላስፈለገውም፤ ከእሱ ቀድማ ተረድታለች። ተነስታ መስኮቱን ራሷ ከፈተች፣ ካሜራው ፊት ተቀመጠች፣ ትንሿን ጣቷን አወዛወዘችና በጥቁር መስታወት ፊት እጆቿን ማንቀሳቀስ ጀመረች። ምን እንዳለች አላወቀም። የምታወራውን ሰው ፊት ሳታይ፣ ተቀበለችኝ አልተቀበለችኝ ሳታውቅ ነው የምታወራው። ነርሷ «እያየቻት ነው፣ እያለቀሰች ነው» ስትል እሱ ብቻ ሰማ። ከዚያ ሚስቱ እጇን ዝቅ አድርጋ መስኮቱን ጠቆመችው። ዘጋው።

አሁን ተራው የታላቂቱ ነው። ባትሪውን አስጠጋ። የብርሃኑ ክብ ከአንድ መዳፍ አይበልጥም። አንድ ትከሻ ታየ፣ የትራስ ጫፍ፣ ከዚያ አንድ እጅ ብቅ አለና ከብርሃኑ ወጣ። ሊከተለው ሞከረ፤ እሱ ሲደርስ እጁ ሌላ ቦታ ሄዷል። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ ይገምት ነበር። ሚስቱ የእጁን አንጓ ይዛ ወዲህና ወዲያ ትጎትተው ጀመር። ወደ ኋላ ባራቀው ጊዜ ክቡ ይሰፋል፣ ስዕሉ ግን ይጠፋል። ባስጠጋው ጊዜ ስዕሉ ይታያል፣ ግን አንድ ጣት ብቻ ነው።

ሦስት ጊዜ ተፈራረቁ። መስኮቱ ሲከፈት ትንሿ ትናገራለች፣ ሲዘጋ ትልቋ። በየመካከሉ ትንሿ አንድ ምልክት ደጋግማ ታሳይ ነበር፤ ከብዛቱ የተነሳ እሱም ገባው፦ ድገሚው፣ እንደገና በይው። ታላቂቱ ትደግመዋለች፤ እሱም ባትሪውን ይዞ ደግሞ ይስተዋል።

በሦስተኛው ዙር የታላቂቱ ቀኝ እጅ በብርሃኑ ክብ ውስጥ በደንብ ታየ። ቀስ ብሎ ተነስቶ ወደ ትከሻዋ ሄደ። ሚስቱ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች፣ ትንፋሽዋ መስታወቱን ነካው። እጁ ትከሻ ላይ ደርሶ ከብርሃኑ ወጣ። ጋሽ ጆሮ ባትሪውን ወደ ላይ ወሰደ። እጁ ግን ላይ አልነበረም።

«አባቴ» አለች ነርሷ፣ «ሊወስዷት መጥተዋል። በጣም ይቅርታ።»

«አንዴ ብቻ ትድገመው፣ ሲስተር። አንዴ ብቻ።»

የአልጋ ጎማ ሲንኳኳ ተሰማው። ሰው «ቀስ፣ ቀስ» አለ። ከዚያ ድምፁ ተቆረጠ። ሚስቱ ግን አልሰማችም፤ ባዶውን ስክሪን እንዲያበራላት አንጓውን ይዛ መጎተቷን ቀጠለች። እሱም አልነገራትም፤ አበራላት።

ስልኩ የተደወለው አስር ሰዓት ላይ ነው። ነርሷ ብዙ አልተናገረችም፣ እሱም ብዙ አልጠየቀም። ጓዳ ሲገባ ሚስቱ ማጠቢያው አጠገብ ቆማ ነበር። ያኔ ነው በነሱ ቋንቋ ሞት እንዴት እንደሚባል እንደማያውቅ ትዝ ያለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠይቋት አያውቅም። የሚያውቃትን አንዲት ቃል ተጠቀመ፤ ሁለት መዳፉን አራግፎ «አለቀ» አላት።

ሚስቱ ዞር ብላ የዘይቱን ጠርሙስ አየች። ጠርሙሱ ግማሽ ነበር። ወደሱ ተመልሳ «ምኑ?» በሚል ዓይን አየችው። እሱ ቅንድቡን በጣቱ ዳሰሰ። ደግሞ መዳፉን አራገፈ።

የተቀመጠችው እዚያው፣ ወለሉ ላይ ነው።

ከቀናት በኋላ ስክሪኑን ፈታው። ከወዳደቀ ስክሪን መብራት አውጥቶ ገጠመለትና በራ፤ ጥርት ብሎ፣ አዲስ መስሎ በራ። ሚስቱ ልብስ ይዛ በፊቱ አለፈች፣ ዞር ብላም አላየችው።

እሷን የያዛት ሌላ ነገር ነው። ቀን ቀን ብቻዋን ተቀምጣ ቀኝ እጇን ወደ ትከሻዋ ታነሳለች፣ እዚያ ታቆመዋለች፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ታስኬደዋለች። በምልክትም በፊቷም ብዙ ደክማ አስረዳችው። ትከሻ ነክቶ ወደ ታች የወረደ እጅ «ላዝልሽ» ነው። ወደ ኋላ የተወረወረ «ተይው፣ እርሺው»። ሌላኛው ትከሻ ድረስ የተሻገረ «ልበሺ፣ ይበርድሻል»። በትከሻ ላይ ሁለቴ መታ መታ ያደረገ ደግሞ «ያኔ፣ ልጆች ሳለን»። እህቷ ከነዚህ አንዱን ብላለች። የትኛውን? ባትሪውን ይዞ የነበረው እሱ ነው፤ አየህ ወይ ብላ ጠየቀችው። አላየም።

ከፊተኛው ክፍል ሆኖ ነርሷ ጋ ደወለ። አስታውሳ ልትነግረው ደከመች፤ እጇን ከፍ አድርጋ ነበር አለች፣ ወደ ትከሻ ይመስለኛል፣ ከዚያ... «እውነቱን ልንገርዎት አባቴ፣ ፊቷን ነበር የማየው። እጇን አላየሁም።»

ጋሽ ጆሮ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ጓዳ ገባና ሚስቱ ፊት ቁጢጥ አለ። ነርሷ ነገረችኝ ለማለት ስልኩን አሳያት፣ ቅንድቡን ዳሰሰ፣ ቀኝ እጁን ወደ ትከሻው አንስቶ ሌላኛው ትከሻ ላይ አሻገረው። ልበሺ፣ ይበርድሻል። ከአራቱ የመረጠላት እሱ ነው፤ እህት ለእህት ብትለው ያምራል ብሎ።

ሚስቱ እጁ እስኪያበቃ ድረስ አየችው። ከዚያ ፊቱን አየችው። ሠላሳ ዓመት ፊት ስታነብ የኖረች ሴት ናት። አልተቆጣችም። እጁን ከትከሻው ላይ አንስታ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት።

ከዚያ ወዲህ ያን ምልክት ስትሠራው አላያትም። ሌላም ብዙ አትናገርም። ውሃ ትላለች፣ ብላ ትላለች፣ በሩን ዝጋ ትላለች። ከእለታት አንድ ቀን አመሻሹ ላይ አጠገቧ ተቀምጦ፣ እንድታስተምረው ፈልጎ፣ ግድግዳ ላይ ያለውን ጥላ ጠቁሞ ይህ በእጅ እንዴት ይባላል ብሎ ጠየቃት። ጥላውን አየች። እጇ ከጉልበቷ ትንሽ ተነሳ፤ ከዚያ «ለማን ብዬ?» ያለ ያህል ተመልሶ ወረደ።