የጋሬት ስቶባርት ወገብ

ደርሃም ውስጥ በአንድ የክሪኬት ክለብ አሥራ አራት ዓመት በወጌሻነት ሠርቻለሁ። እንደ ጋሬት ስቶባርት እጄ ላይ የተመላለሰ ተጫዋች ግን የለም። ሲወረውር ኳሷ ለዓይን ትፈጥናለች፤ ዱላውን ሲይዝ ደግሞ አጥር ያሻግራታል።

በሃያ ዓመቱ ለብሔራዊ ቡድን ተጠራ። በአራተኛው ቀን ልምምድ ላይ ወርውሮ እግሩ መሬት ሲረግጥ ወገቡን ይዞ ተንበረከከ። አከርካሪው ተሰንጥቆ ነበር። ከዓመት በኋላ ተመለሰና በአንድ በጋ ለክለባችን አርባ ሰባት መቺዎችን ወርውሮ ከጨዋታ አስወጣ። ቀጥሎ ትከሻው፣ ከዚያ ጉልበቱ፣ ከዚያ ያው ወገብ። ብሔራዊ ቡድኑም መደወሉን ተወ።

ጋሬት ሜዳ ሲገባ ከተመልካቹ መካከል ኖርማን የሚባል ጡረታ የወጣ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ፣ “ብርጭቆ! ዛሬ ደግሞ ምንህ ሊሰበር ነው?” እያለ ይጮህበታል።

“አንተው ምረጥልኝ፣ ኖርማን!”

ሰው ይስቃል። እኔ ግን ሳሸው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ።

በሠላሳ ዓመቱ ወገቡ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰነጠቅ፣ የምርመራውን ውጤት ይዤ ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ ኤልስፐት ሻይ ቀዳችልን።

“ሞይራ፣ አታባብዪኝ። ስንት ወር ነው?” አለኝ።

“የወር ጉዳይ አይደለም። መወርወር አብቅቷል።”

“ባለፈውም እንዲሁ ብለሽ ነበር።”

“ባለፈው ‘ይቅርብህ’ ነው ያልኩህ። አሁን ግን ከወረወርክ ልጅህን የምታነሳበት ወገብ አይኖርህም።”

“እሰይ! እኔ ስነግረው ጭቅጭቅ ነው የሚለው” አለች ኤልስፐት።

ጋሬት ሻዩን ገፋ አደረገው። “ግማሽ ተጫዋች ማን ይፈልጋል?”

“የምትመታበት እጅህ እኮ አልተሰነጠቀም” አልኩት።

በሚያዝያ ከሁለተኛው ቡድን ጋር፣ በመቺነት ብቻ ጀመረ። ተጋጣሚን ማስወጣት ሲያቅተን እጁ ሳያስበው ኳሷን ያነሳል፣ ሱሪው ላይ ያሻታል፣ ከዚያ ለወርዋሪው ያቀብላል። እሷን ቅጽበት ማየት ያመኝ ነበር።

በነሐሴ ዋናው ቡድን ውስጥ ሰው ጎደለና ተጠራ። ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላው የሻይ ዕረፍት ሜዳ ላይ ቆሞ መቶ ሠላሳ አንድ ነጥብ አስቆጠረ፤ በሕይወቱ ትልቁ ነበር። ከዚያ አንዲት ኳስ አውራ ጣቱን ሰበረችው። ሮጬ ስደርስ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ይስቃል።

“ጣት ነው፣ ሞይራ! ጣት ብቻ!”

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ተጫወተ። ብሔራዊ ቡድኑ ዳግመኛ አልጠራውም። እኔ አልጠበቅኩም፤ እሱ ግን የቡድኑ ዝርዝር በሚነገርበት ቀን ስልኩን ከእጁ እንደማይለይ ኤልስፐት ነግራኛለች።