ባለጆሮው ፓምፕ ሲቀይር

ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው በቅጽል ስሙ ነው፤ ባለጆሮው። ሠላሳ ዓመት በጋራዥ ሲሠራ ኮፈን ሳይከፍት፣ የሞተሩን ድምፅ ብቻ ሰምቶ ብልሽቱን ይናገር ነበር። ጡረታ በወጣ ማግስት ያው ጆሮው ከዳው። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው፣ ለማንም አልተነፈሰም። ባለጆሮው ደነቆረ ተብሎ ከሚወራበት ቢሞት ይመርጣል።

ማክሰኞ ዕለት አሮጌዋ መኪናው አልነሳም አለች። ቁልፉን አዙሮ እንደ ድሮ ልማዱ ወደ ኋላ ወንበር ጆሮውን ጣለ። ከወንበሩ ሥር ታንኩ ውስጥ ያለው የነዳጁ ፓምፕ እዝዝ ማለት ነበረበት፤ ለእሱ ግን ጭጭ ነው። አጠገቡ ለቆመችው ሚስቱ «ፓምፑ ሞቷል» ብሎ ፈረደ።

ልጁ ግን ቆርጣለች። «አባዬ፣ እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ካልተነሳች ጎታች መኪና ይዤ እመጣለሁ። ለቁርጥራጭ ብረት ትሸጣለች፤ አንተም እጅህን ሰብስበህ ታርፋለህ» አለችው።

«ካላስነሳኋት ውሰጃት፤ ሁለተኛ መፍቻ አልነካም» ብሎ አፉን ሞልቶ ተናገረ። እልኸኛ ሰው ምን ይደረጋል።

ቅዳሜ ማለዳ ወገቡን ታጥቆ ግቢው ውስጥ ጀመረ። በሮቿን ከፋፈተ፣ የባትሪውን ገመድ ነቀለ። የኋላውን ወንበር ሲያነሳ ከሥሩ ሦስት እርሳስ፣ የደረቀ ብስኩትና አንድ የሕፃን ካልሲ ተገኘ። ሚስቱ ካልሲውን አራግፋ ኪሷ ከተተችው። እሱ የታንኩ ክዳን ላይ የተጋገረውን አቧራ በብሩሽ ጠረገ፤ አሸዋ ከገባበት ገዝቶ ያመጣው አዲሱ ፓምፕም ዕድሜ አይኖረውም። ቱቦዎቹን ፈታና ፓምፑን የያዘውን ትልቅ ቀለበት በእንጨት ቁራጭ እየደገፈ በመዶሻ መታ። ብረት ከብረት ተጋጭቶ ብልጭ ቢል ግቢው ከነቤቱ ይነዳል።

ቀለበቱ ንቅንቅ አልል አለ። ጣቱ ተላጠ፣ ላቡ ዓይኑን አቃጠለው።

«ትንሽ እረፍ» አለችው ሚስቱ ትከሻውን ነክታ።

«አላርፍም» አለ። መታ፣ ደገመ፣ ሰለሰ። አራት ሰዓት ላይ ቀለበቱ እጁን ሰጠ። አሮጌውን ፓምፕ አውጥቶ አዲሱን አስገባ፣ ነዳጅ እንዳያፈስ የሚይዘውን ጎሚኒ ቀየረ፣ ቱቦዎቹን አሰረ። ባትሪውን መልሶ ገጥሞ ቁልፉን አዞረ። አሁንም ጭጭ። ሞተሩ ይሽከረከራል እንጂ አይነሳም። አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

«ይኼም ሞቷል። የሞተ ዕቃ ሸጡልኝ» አለ።

ሚስቱ ፊቱን ወደ እሷ እስኪያዞር ጠበቀችና «ኧረ ይጮኻል» አለች።

«ምኑ?»

«ፓምፑ ነዋ። እዝዝ ይላል። ማክሰኞም አሮጌው እንደዚሁ ይል ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ ሞቷል ካልክ እኔ ምን አውቃለሁ? መካኒኩ አንተ ነህ።»

ባለጆሮው ነቅሎ ያወጣውን አሮጌ ፓምፕ አየ። ደህናውን ፓምፕ ገድሎ ግማሽ ቀን ሲላላጥ ውሏል። እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ሰበብ ሊፈልግ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ሰዓቱን አየ።

«ጆሮዬ አይሰማም» አለ። «ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

«አውቃለሁ። አፌን እያየህ አይደል የምትመልስልኝ?»

«እንግዲያው ተጠጊ፤ አንቺ ስሚልኝ።»

ቁልፉን እያዞረ ደጋግሞ ጠየቃት፤ ፓምፑ በእርግጥ ይጮኻል። ፊት ሄዶ ወደ ሞተሩ የሚገባውን ቱቦ ፈታ፤ ደረቅ ነው። እንግዲህ ነዳጁ መንገድ ላይ ታንቋል ማለት ነው። ባትሪውን ነቅሎ መኪናዋ ሥር ተንፏቅቆ ገባና ነዳጁን የሚያጣራውን ፊልትሮ አወጣ። ቢነፋው ትንፋሽ አያሳልፍም። ጀማሪ እንኳ አስቀድሞ የሚያየውን እሱ ጆሮውን ተማምኖ አላየውም። ራሱን እየሰደበ መደርደሪያው ላይ የከረመ አዲስ ፊልትሮ አምጥቶ ገጠመ።

ጎታቹ መኪና በሩ ላይ ሲቆም ባለጆሮው ቁልፉን አዞረ። መሪው እጁ ላይ ተንቀጠቀጠ። ሚስቱን አያት፤ ራሷን ነቅንቃ አዎ፣ ተነስታለች አለችው።

ልጁ የጎታቹን ሾፌር አስከትላ ከኋላው መጥታ አንድ ነገር ተናገረች። ድሮ ቢሆን እንደሰማ ሰው «እሺ፣ እሺ» ይል ነበር።

«ልጄ፣ ፊት ለፊቴ ሆነሽ ተናገሪ። ጆሮዬ አይሰማም» አላት፣ ባዳ ሰው ቆሞ እየሰማ።

ልጅቷ ክው አለች። ዞራ መጥታ ፊቱ ቆመች፤ እያንዳንዱን ቃል ቀስ ብላ እየጠራች «ታዲያ ብልሽቷን በምን አወቅኸው?» ስትል ጠየቀችው።

«እናትሽ ሰማችልኝ» አላት።